እናንተ ሂዱ፣ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ

በዚህ አገር እንደ ዕረፍት የሚያደክም ሥራ አላየሁም። ሥራ እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ያበቃል። ዕረፍት ግን ፕላን ይፈልጋል፣ የሚመች ጫማ ይፈልጋል፣ የፀሐይ ቅባት ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ደስ ብሎኛል» የሚል ፊት ይፈልጋል። ካላመናችሁኝ በሰመር አንድ ቅዳሜ ወደ መዝናኛ ፓርክ ሂዱና በሩ ላይ ቁሙ። ጠዋት እየሮጠ የገባው ሕዝብ ማታ ምን ሆኖ እንደሚወጣ ታያላችሁ። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እናቱ ታነክሳለች፣ አባትየው መኪናውን የት እንዳቆመ ጠፍቶበት ቁልፉን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይዞራል። ይሄ ሁሉ እንግዲህ መዝናናት ነው።

እኔ ግን እንዲህ እንዳልሆን ቀደም ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ለራሴ ብዬ አይደለም፤ ለልጄ ለኤልዳና ነው። ኤልዳና ያደገችው ሳን ሆዜ፣ እናቷ ጋ ነው። እኔ ሳን ሊያንድሮ ብቻዬን እኖራለሁ፤ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚጎትት ትራክ እነዳለሁ። ከእናቷ ጋር ለምን ተለያያችሁ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ሁለታችንም የየራሳችን ትክክለኛ መልስ አለን። ብቻ ልጅቷ ትንሽ ሳለች እሑድ እሑድ ወደ እናቷ ስመልሳት፣ መንገዳችን ላይ ያለው የመዝናኛ ፓርክ ትልቁ የእንጨት ሮለር ኮስተር፣ ያ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረው ባቡር፣ ከሩቅ ይታየን ነበር። «አባዬ፣ እዚያ!» ትላለች። «ስታድጊ አብረን እንሳፈራለን» እላለሁ።

አደገች። እኔ ቅዳሜም እሑድም ትራክ ላይ ሆኜ አደገች። ዛሬ በቁመት ትበልጠኛለች። ሰመሩ ሲያልቅ ደግሞ ለኮሌጅ ሳን ዲዬጎ ልትገባ ነበር። ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን፣ አንዲት ዙር ብቻ፣ አጠገቧ ተቀምጬ አብረን እንድንጮህ ፈለግኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ሁለታችንም ፓርኩ ውስጥ ገብተን አናውቅም፤ ስለዚህ ምክር ጠየቅኩ። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው ጋሽ በላይነህ አንድ ጊዜ ቤተሰባቸውን ይዘው ሎስ አንጀለስ አንድ ትልቅ ፓርክ ሄደው ነበር። እያነከሱ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ የመዝናናት ፕሮፌሰር ሆነዋል። «በሩ ሳይከፈት ድረስ» አሉኝ። «ትልልቁን ሰልፉ ሳይረዝም ጨርስ። ፀሐዩ ሲበረታ ጥላ ፈልገህ አሳርፋቸው። ሁሉንም ልይ አትበል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» እንቁላሉ እኮ የእኔ ጉልበት የለበትም ልላቸው አሰብኩና ይሉኝታ ያዘኝ። ጋሽ በላይነህ ሁሉን ነገሩኝ፤ ዕቃውን ማን እንደሚይዝ ብቻ ሳይነግሩኝ ቀሩ።

ከመሄዳችን በፊት ኤልዳና «ጓደኛዬን ሜሊሳን ላምጣት ወይ?» ብላ ቴክስት አደረገችልኝ። ምን ልበል? «ደስታውን አልችለውም» ብዬ መለስኩላት። ደስታው የለም እንጂ ቢኖር እችለው ነበር።

በሩ ሳይከፈት ደረስን። ሻንጣዬ ውስጥ የሦስታችን ሹራብ፣ ውሃ፣ ቆሎ፣ ለሆድ ነገር ደግሞ ዳቦ አለ። ሜሊሳ የተባረከች ልጅ፣ «ሎከር አለ እኮ፣ እዚያ እናስቀምጠው» አለች። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? «ሎከር? እኔ እያለሁ?» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ አፋፉ ላይ በራሴ እግር ወጣሁ። የእንጨቱ ሮለር ኮስተር ጋ ስንደርስ ሰልፉ አጭር ነው፣ ጊዜው ጥሩ ነው፣ ሁሉም ነገር ጋሽ በላይነህ እንዳሉት ነው። ሁለቱም ቆመው አዩኝ። እኔም በጨዋነት፣ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ» አልኩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን የምታነቡ የአገሬ ልጆች፣ «እናንተ ሂዱ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተን ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ቤታችሁ የመጣ እንግዳ «በልቼ ነው የመጣሁት» ቢላችሁ ሳህኑን ታነሳላችሁ? በሞቴ ትላላችሁ፣ አፈር ስሆን ትላላችሁ። እሱም ሁለቴ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ይቀርብና ከባለቤቱ የበለጠ ይበላል። እምቢታው እኮ ለወጉ ነው! እኔም ጆሮዬን አቁሜ፣ «ኧረ በጭራሽ፣ አንተ ሳትሄድ?» የሚለውን ስጠብቅ ልጄ ምን አለችኝ? «ኦኬ፣ ታንክስ ዳድ!» ብላ ሮጠች።

ምን ይደረጋል? አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። በሚቀጥለውም ጨዋታ ቁጭ አልኩ፤ በሚቀጥለውም። አንድ ጊዜ ዕቃ ጠባቂ የሆነ ሰው ሹመቱ አይነሳለትም። በዚያ ፓርክ ውስጥ ለካ የዕቃ ጠባቂዎች ማኅበር አለ። የየአገሩ አያቶች በየወንበሩ ላይ የልጅ ጋሪ፣ ቦርሳና ኮፍያ ታቅፈው ተቀምጠዋል። አጠገቤ ለነበሩት አንዲት የሕንድ አሮጊት ቆሎ ዘረጋሁላቸው። ሳይግደረደሩ በመጀመሪያው ዘገኑ። ልቤ ቅናት ቢጤ ተሰማው። እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?

ፀሐዩ ሲበረታ፣ በምክሩ መሠረት፣ ልጆቹን ጥላ ሥር አሳረፍኳቸው። ከጠዋት ጀምሮ ያረፍኩት እኔ፣ አሳራፊውም እኔ። ዳቦውን አወጣሁ፤ እነሱ ግን ፒዛ በልተው ነበር የመጡት። ብቻዬን በላሁ። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል የሚለው ተረት ትዝ አለኝና የቀረውን ዳቦ ጠቅልዬ ሻንጣው ውስጥ መለስኩት። ስለ ኮሌጁ ላጫውታት ፈልጌ ነበር፤ ማን ቡና ያፈላልሻል፣ ስትታመሚ ማን አለሽ ልላት ነበር። እሷ አንዱን ኢርፎን ለሜሊሳ ሰጥታ አንዱን ራሷ አድርጋ ዓይኗን ጨፍናለች። ከእኔ አንድ ክንድ እንኳ አይርቁም። እንደዚያን ሰዓት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ ትራኬ ውስጥ እንኳ ቢያንስ ሬዲዮው ያናግረኛል።

ልንወጣ ስንል ግን ልጆቹ ለመጨረሻ ጊዜ የእንጨቱን እንድገም አሉ። ኤልዳና ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ዞር አለች። «አባዬ፣ ዩ ዋና ካም?» አለችኝ፤ ትመጣለህ ወይ ማለቷ ነው። ጠየቀችኝ! ልቤ ከወንበሩ ተነሥቶ ሰልፉ ውስጥ ገባ። አፌ ግን፣ ይህ የእናቴ ልጅ አፍ፣ «አይ፣ እናንተ ተጫወቱ፣ እኔ ደህና ነኝ» አለ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ያለው ማን እንደሆነ ባውቅ እግሩን እስም ነበር። ሄደች። ከላይ ጫፉ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ሲያነሱ አየሁ። እኔም ከታች እጄን አነሳሁ፤ የሚያየኝ አልነበረም።

ሳን ሆዜ እናቷ በር ላይ አወረድኳቸው። ኤልዳና «ቤስት ዴይ ኤቨር» ብላ አቀፈችኝ። እኔም በጣም ተደሰትኩ አልኳት። እስከ ሳን ሊያንድሮ ድረስ ባዶውን ወንበር እያየሁ ነዳሁ።

ኮሌጅ ልትሄድ ስትል ስጦታ ሰጠችኝ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚያስገባ የፓርኩ ፓስ። «እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ፒስፉል፣ ሰላማዊ፣ ሆነህ ነበር፤ እኔ ባልኖርም ሄደህ ተቀመጥ» አለችኝ። አሥር ጊዜ አመሰገንኳት። ቤቴ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ፤ እንዲያውም ጮክ ብዬ።

እሷ ከሄደች በኋላ ቅዳሜው በጣም ረዘመብኝ። አንዱን ቀን ተነሥቼ ሄድኩ። ሻንጣ የለኝም፣ ሹራብ የለኝም፣ ቆሎ የለኝም። የእንጨቱ ሮለር ኮስተር ሰልፍ መጨረሻ ላይ ስቆም ሠራተኛዋ «ብቻውን የመጣ አለ?» እያለች ትጣራለች። ለካ አንድ ወንበር ሲተርፋቸው ብቸኛ ሰው ይፈልጋሉ። እጄን አወጣሁ፤ ያን ሁሉ ሕዝብ አሳልፋ ከፊት አስቀመጠችኝ። ጋሽ በላይነህ፣ ይህን ምክር እርስዎም አያውቁት! አጠገቤ የማላውቀው ጎረምሳ ነበር። ቁልቁል ስንወረወር «እመ ብርሃን!» ብዬ ጮህኩ፤ እሱም በራሱ ቋንቋ የራሱን ጠራ።

ወርጄ ለኤልዳና ደወልኩ። «ዌት፣ አንተ ወጣህበት?» ብላ ጮኸች። አንተ እኮ እነዚህን ነገሮች አትወድም፣ ጠይቄህ እምቢ ብለኸኛል አለችኝ።

«አንዴ ነዋ የጠየቅሽኝ!» አልኳት።

ከዚያ ቀስ ብላ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቀው?» አለች። ሦስት አልኳት። ሳቀች፤ ቆይታ ደግሞ ድምፅዋ ቀጠነ። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም አለች። ከዚያ፣ «አባዬ፣ እኔ ጋ ና። እዚህም ሮለር ኮስተር አለ፣ አብረን እንወጣለን» አለችኝ።

ልቤ ሳን ዲዬጎ ደርሷል። አፌ ግን፣ «አይ ልጄ፣ ትምህርትሽ ላይ ነሽ፣ አትቸገሪ» አለ።

«ኦኬ፣ ይሄ ሁለተኛው ነው» አለች እየሳቀች። «ና፣ አባዬ። ፕሊስ።»

«ኧረ መንገዱም ሩቅ ነው» አልኩ።

ሦስተኛውን ልትል አፏን ስትከፍት ሰማሁ። በዚህ መሃል ጓደኞቿ ጠሯት። «ጎታ ጎ፣ መሄዴ ነው፣ ኮል አደርግልሃለሁ» ብላ ዘጋችው።

ይኸው እየጠበቅኩ ነው። የመኪናዬን ዘይት ቀይሬያለሁ፣ ጎማዬን አስፈትሼያለሁ፣ ከሥራ ኦፍ ወስጃለሁ። ስልኩንም ከእጄ አላወርድም። ለምን ራስህ ደውለህ መጣሁ አትላትም ትሉኝ ይሆናል። ምን ነካችሁ? ጨዋ ሰው በሁለት ልመና ይነሣል እንዴ?