ጋሽ ኖርቫልና ያልታሰረ ሰው ሁሉ

አጋዘን የሚታደንበት አገር ሁሉ አንድ ጋሽ ኖርቫል አለው። ከሌለው፣ ወይ አጋዘኑ አልቋል፣ ወይ አዳኙ ከዛፍ እየወደቀ አልቋል። የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ሰዎች በዚህ በኩል ታድለዋል። መታደል ካላችሁት ማለቴ ነው።

ክቡር አቶ ኖርቫል ስኮግ፣ የገመድና የመታጠቂያ ጉዳይ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽራቸው አልቻለም። ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት ነው። ቁመታቸው የመብራት ምሰሶ ያህላል፤ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩትም የመብራት ምሰሶ ላይ እየወጡ ነው። ጡረታ ሲወጡ ከምሰሶው ወረዱ፣ ከሰው ጉዳይ ግን አልወረዱም።

በሳቸው አገር ቀስተኛ አጋዘን የሚጠብቀው ዛፍ ላይ ተቀምጦ ነው። ግንዱ ላይ ማማ በጠፍር ያስራል፣ መሰላል ያቆማል፣ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ቀስቱን በገመድ ይጎትታል፣ ከዚያ እንደ ጉጉት ዝም ብሎ ይጎለታል። ስድስት ሜትር ላይ። ብርዱና ጸጥታው ተደማምሮ ብዙ ሰው እዚያ ያንቀላፋል። ተኝቶ አጋዘን የገደለ ሰው እስካሁን አልተሰማም፤ ራሱን በመታጠቂያና በገመድ ዛፉ ላይ ሳያስር ተኝቶ የወረደ ግን ሌላ ወረዳ አለ።

ስለዚህ ጋሽ ኖርቫል አንድ ጥያቄ አላቸው። ሰላምታቸውም ስንብታቸውም እሱ ነው።

"ታስረሃል?"

ሎረን ቫቭራ ይሄን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማው በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። አሁን ሃምሳ አንድ ሞልቶት፣ የትራክተር ጎማ እየጠገነ፣ ሆዱ ቀበቶው ላይ እየተደገፈ፣ ያው ጥያቄ አለቀቀውም። ነዳጅ ሲቀዳ ይጠየቃል። ፀጉሩን ሲስተካከል ይጠየቃል። እናቱ የተቀበሩ ዕለት እንኳ ጋሽ ኖርቫል እጁን ጨብጠው "እግዜር ያጽናህ" ካሉ በኋላ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

"አንድ ነገር ልንገርህ ልጄ። ልቡ የሞላ ሰው መቆለፍ ይረሳል። ይሄን ሳምንት ዛፍ ላይ አትውጣ።"

ሎረን አለቀሰ። ለእናቱ ይሁን ለንዴቱ እስከ ዛሬ አልለየውም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ፓስተሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አምፖል ሊቀይሩ መሰላል ጫፍ ላይ ወጥተዋል። ጋሽ ኖርቫል በበሩ ገቡ፣ ቀና ብለው አዩ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ፓስተር፣ ታስረዋል?"

"በጸሎት ታስሬያለሁ፣ ኖርቫል።"

"ጸሎቱ መልካም ነው። ገመድ ይጨምሩበት።"

ፓስተሩ ወርደው ገመድ ጨመሩበት። በሚቀጥለው እሑድ ስለ ትዕግሥት ሰበኩ፤ ሲሰብኩ ወደ ማን እያዩ እንደነበር ሕዝቡ ሁሉ ያውቃል።

ነሐሴ ላይ ደግሞ ፍተሻ አለ። አደኑ ሊጀመር ወር ሲቀረው ክቡርነታቸው ቢላዋ ይዘው በየሰው ጫካ ይገባሉ። ክረምት ከበጋ ዛፍ ላይ የቆየ ጠፍር ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ሽኮኮ ያኝከዋል፣ ዛፉም ራሱ እየወፈረ ይበጥሰዋል። ስለዚህ ያረጀ ጠፍር ካገኙ ይቆርጡና የባለቤቱ መኪና ኮፈን ላይ ጠቅልለው ያስቀምጡታል። ሎረን አንድ ጠዋት ጠፍሩን ፒካፑ ላይ ሲያገኘው ደሙ ፈላ። ቤታቸው ድረስ ሄደ።

"ጋሼ፣ የሰው ንብረት ነው እኮ የቆረጡት!"

"ስንት ጊዜው ነው?"

"አምና ነው የገዛሁት።"

"የቱ አምና?"

ሎረን አሰበ። "የ... ሴቷ ልጄ ኮሌጅ የገባች ጊዜ።"

"ልጅቷ አሁን ምን ትሠራለች?"

"ታስተምራለች።"

ጋሽ ኖርቫል ተነሡ። ወደ ጓዳ ገብተው አዲስ ጠፍር፣ ከነማሸጊያው፣ አምጥተው ሰጡት። የሚያናድደውም ይሄ ነው፤ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አዲስ ጠፍር ይሰጡሃል፣ ተናደህ መሄድ አትችልም።

የዱባው ነገርስ? በያመቱ መስከረም ላይ የእሳት አደጋ መኪና ማቆሚያው ግቢ ሰው ይሰበሰባል። ጋሽ ኖርቫል ምሰሶ ላይ ስድስት ሜትር ወጥተው፣ እንደ ነዶ ታስረው፣ የአዳኝ ኮፍያ ያጠለቀ ትልቅ ዱባ ብድግ ያደርጋሉ።

"ይሄ ማነው?"

"ዱባ!" ይላል ሕዝቡ።

"ዱባ አይደለም። ይሄ 'ለአንድ ደቂቃ ነው፣ ምን ይሆናል' ያለ ሰው ነው።"

ይለቁታል። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የዱባ ኬክ የሚበላ የለም።

ዱባው ከወረደ በኋላ ትምህርቱ ይቀጥላል። ሰው ማማው ላይ ተቀምጦ ሳለ ብዙም አይወድቅም፤ የሚወድቀው ከመሰላሉ ወደ ማማው ሲሻገር ነው። መሰላሉ አጠገብ የሚወርድ ገመድ አለ፣ ስትወጣ የመታጠቂያህን ቀለበት በሱ ትቆልፋለህ። ላይ ስትደርስ ደግሞ ሁለተኛ ገመድ ዛፉ ላይ ይጠብቅሃል። "ሁለተኛውን ሳትቆልፍ አንደኛውን አትፍታ!" ይላሉ ጋሽ ኖርቫል፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ። "በሁለቱ መሃል ያለችው ቦታ የማንም አይደለችም። እዚያ ቦታ ላይ እግዜርም ይጨነቃል።"

ሰዎች ያወራሉ። ወንድማቸው ወድቆባቸው ነው፣ የልብ ጓደኛቸው ነው የወደቀው ይላሉ። ሎረን አንድ ቀን፣ አርብ አሳ እየበሉ፣ ድፍረቱ መጣለትና ጠየቀ።

"ጋሼ፣ ማን ወድቆብዎት ነው እንዲህ የሆኑት?"

ጋሽ ኖርቫል አሳቸውን አኘኩ። "ማንም። በዚህ ወረዳ አርባ ዓመት ሙሉ ማንም አልወደቀም።"

"ታዲያ ለምንድነው እንዲህ የሚለፉት?"

"አሁን የነገርኩህ ምን መሰለህ?"

እንግዲህ ሕጋቸው ብዙ ነው፤ ከሁሉ የከበደው ግን አንዱ ነው። ጭንቅላቱ የሚዞርበት ሰው ዛፍ ላይ አይወጣም። ለማንም አይሻርም። የዛሬ ስድስት ዓመት ጋሽ ኤሜት የሚባሉት አናጢ፣ የጋሽ ኖርቫል የልጅነት ጓደኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ዞሮባቸው ሲደገፉ ታዩ። በማግስቱ ጋሽ ኖርቫል ጫካ ገብተው የጓደኛቸውን መሰላል አውርደው እዚያው ጓደኛቸው ደጃፍ አጋደሙት። ጋሽ ኤሜት መሰላሉን አዩ፣ ገቡ፣ በሩን ዘጉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ጋሽ ኤሜትም ጫካ ረግጠው አያውቁም።

ይሄን ሁሉ ያወራሁት ለጥቅምቱ ነገር ነው።

ሎረን አንድ ጠዋት ምንም ሳይቀናው ከማማው ወርዶ፣ የአጋዘን ቋሊማ በኪሱ ይዞ፣ ለጋሽ ኖርቫል ሊያካፍል ወደሳቸው የኦክ ዛፍ ሄደ። ቀና ብሎ ማማውን አየ። ባዶ ነው። ዝቅ ብሎ አየ።

ጋሽ ኖርቫል ዛፉ ሥር የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። የአደን ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ቀስታቸው ጭናቸው ላይ ነው፣ መታጠቂያቸው በትከሻና በታፋ ጥብቅ ብሏል። ገመዱም ከጀርባቸው ዞሮ ዛፉ ላይ ተቆልፏል። መሬት ላይ።

"ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"አድናለሁ።"

"ለምን አልወጡም?"

"ዛሬ ነፋሱ ደስ አይልም።"

ቅጠል አይነቃነቅም ነበር። ሎረን መሰላሉን አየ። ከሁለተኛው እርከን እስከ አራተኛው ሸረሪት ድሯን ዘርግታለች፣ የሚያስቸግራት አልነበረም።

"ከባልዲው እንዳይወድቁ ነው የታሰሩት?" አለና ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመ፤ ምክንያቱም ጋሽ ኖርቫል አልተቆጡም። ሳይቆጡ አይቷቸው አያውቅም።

"ይዞርብኛል ልጄ" አሉ። "ከዱባው ማግስት ጀምሮ። ሐኪሙ ጆሮ ነው ይላል፣ አይድንም ይላል።"

"እትዬ አርዲስ ያውቃሉ?"

"ሚስቴ የማታውቀው ነገር የለም። የማታወራው ነው ብዙ።" ቀስታቸውን አገላበጡ። "የራሴን መሰላል ማውረድ አቃተኝ። የኤሜትን በአንድ ቀን ነው ያወረድኩት፣ እያፏጨሁ። በቃ፣ የዘንድሮው ያልቃል፣ ቀስቴን እሰቅላለሁ።"

ሎረን ቋሊማውን ሰጥቷቸው ሄደ። መንገድ ላይ ደስ እንዲለው ሞከረ። አስቡት፤ ከእንግዲህ ጠፍር የሚቆርጥ የለም፣ ነዳጅ ማደያ ላይ የሚያፋጥጥ የለም፣ ዱባውም ይተርፋል። ፒካፑ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ቁልፉን ሳያዞር ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ በቀጥታ ጋሽ ኤሜት ቤት ሄደ።

"ማማ ይሥሩልኝ" አለ። "ከወገብ ከፍ የማይል። ደረጃ ያለው፣ ዙሪያውን መደገፊያ ያለው።"

"ለማን?"

ነገራቸው። ጋሽ ኤሜት መጥረጊያቸውን አንሥተው ያልቆሸሸ ወለል ጠረጉ።

"መሰላሌን ያወረደው ሰውዬ ነው የምትለኝ?"

"እሳቸው ናቸው።"

"እያፏጨ ነው ያወረደው። በመስኮት ሰምቼዋለሁ።"

"እሳቸውም ብለውኛል።"

ወለሉ እንደገና ተጠረገ። በመጨረሻ ጋሽ ኤሜት ሜትራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። "የማን ወገብ? ያንተ ወይስ የሱ? እሱ ምሰሶ ነው።"

በአራተኛው ቀን ማማው ኦኩ ሥር ቆመ። ሦስት ደረጃ፣ ሁለት መያዣ፣ አግዳሚ መቀመጫ። ሎረን መቀመጫውን አየው።

"በጣም ሰፋ ጋሼ።"

"እንጨት ተርፎኝ ነው" አሉ ጋሽ ኤሜት፣ ሌላ ቦታ እያዩ።

ጋሽ ኖርቫል መጡ። ማማውን አዩ፣ ጋሽ ኤሜትን አዩ፣ እንደገና ማማውን አዩ። ከዚያ ያው ምርመራቸው ጀመረ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዞሩት። ገፉት፣ ሳቡት፣ ሥሩ ገብተው በጀርባቸው ተኙ። ሎረን ላብ ላብ አለው። ሽማግሌው "አልወጣም" ካሉ በቃ፣ ቀስቱ ተሰቀለ ማለት ነው።

"ይሄን ብሎን ማነው ያጠበቀው?" የሚል ድምፅ ከሥር መጣ።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ኤሜት። አንገታቸው ቀላ።

ብሎኑ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

"ጥሩ ነው" አሉ ጋሽ ኖርቫል። ቆይተው ደግሞ፣ ገና ከሥር ሳይወጡ፣ "ኤሜት፣ ማፏጨት አልነበረብኝም።"

"አልነበረብህም" አሉ ጋሽ ኤሜት። "ለነገሩ ዜማውንም አበላሽተኸው ነበር።"

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሦስቱም ጫካ ገቡ። የሎረን ዛፍ ከነሱ ሠላሳ እርምጃ ይርቃል። መሰላሉን እየወጣ ዞር ዞር እያለ በባትሪያቸው ብርሃን ያያቸዋል። አንዱ ሌላውን ክንዱን ይዞ ሦስቷን ደረጃ ሲያወጣው፣ ሁለቱም አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ፣ ጋሽ ኖርቫል የጓደኛቸውን መታጠቂያ ሁለት ጊዜ ሲጎትቱ፣ ጋሽ ኤሜትም ተራቸውን የሳቸውን ሲጎትቱ። ከመሬት አንድ ሜትር። ሁለቱም በወፍራም ገመድ ዛፉ ላይ ተቆልፈዋል። ሎረን ዓይኑን ከነሱ ሳይነቅል ማማው ላይ ተሻገረ፣ ቀስቱን ጎትቶ አወጣ፣ ቆመ።

ሰማዩ ግራጫ ሆነ። ሁለት እንስት አጋዘኖች መጡ። ከኋላቸው ወንዱ፣ ቀንዱ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ፣ ሎረን በዕድሜው እንዲህ ያለ አይቶ አያውቅም። ሃያ እርምጃ ቀረው። አሥራ አምስት። ሎረን ፍላጻውን ደገነ፣ አንድ እግሩን ወደ ማማው ጠርዝ አስጠጋ፣ ሊስብ ጎንበስ አለ።

"ሎረን!"

አጋዘኖቹ ደረቁ። ሎረን ደረቀ።

"ታስረሃል?"

ሦስት ነጭ ጭራ ቁጥቋጦው ውስጥ ጠፋ። ሎረን አፉ ላይ የመጣውን ቃል፣ ፓስተሩ ቢሰሙት ሌላ ስብከት የሚያስፈልገውን፣ ሊለቀው ዞር አለ። ያኔ ዓይኑ መታጠቂያው ላይ አረፈ። ቀለበቱ ጉልበቱ አጠገብ ባዶውን ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። የመሰላሉን ገመድ ፈትቷል። የዛፉን አልቆለፈም። ሽማግሌዎቹን ሲያይ የማንም ባልሆነችው ቦታ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆሞባታል።

እግሩን ከጠርዙ ቀስ አድርጎ ሳበ። ቀለበቱን ቆለፈ። ቀጭ።

"ታስሬያለሁ ጋሼ!" አለ፤ ድምፁ ትንሽ ቀጠነበት።

ጫካው ጸጥ አለ። ከዚያ ከታች የጋሽ ኤሜት ሹክሹክታ ተሰማ።

"አሁን ነው የቆለፈው። ቀጭ ሲል ሰማሁት እኮ።"

"እኔም ሰምቻለሁ" አሉ ጋሽ ኖርቫል። "ዝም በል፣ አጋዘን ታባርራለህ።"