ጋቢ የለበሰ ቴሌቪዥን

አከራይ አልፈራም የሚል ሰው ካገኛችሁ፣ ወይ የራሱ ቤት አለው ወይ ይዋሻል። እኔ እፈራለሁ። የምኖረው ወሰን ሰፈር፣ እትዬ ዘይነባ ግቢ ውስጥ፣ ሰርቪስ ቤት ነው። ሴትዮዋ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ኢድ በመጣ ቁጥር ሳህን ሙሉ ምግብ ይልኩልኛል። ግን ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ ፍሪጅ ባስገባ ሰሞን ኪራይ ጨምር ተባለ። አልችልም ቢል «ልጄ ሊገባበት ነው» ተብሎ ወጣ። ልጅየው እስከ ዛሬ አልገባም። እኔም ይህን ከሰማሁ ወዲህ አዲስ ካልሲ እንኳ ደብቄ ነው የማስገባው።

ታዲያ ምን ነካኝ? ዕቁብ ሲደርሰኝ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛሁ። እንደ ሬሳ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ እትዬ ለሶላት ሲቆሙ ጠብቄ አስገባሁት። ልሰካው ብል ጉድ ፈላ! እስከ ዛሬ በአሮጌዋ ቴሌቪዥኔ ላይ ምስል የሚመጣው ከእትዬ ሪሲቨር ነው፤ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያላት ገመድ በመስኮት ተንጠልጥላ ትገባለች። ቻናል የሚቀይሩት እሳቸው፣ የማየው እኔ። አዲሱ ቴሌቪዥን ደግሞ ለሦስቱ የሚሆን ቀዳዳ የለውም።

መገናኛ ሄጄ አንድ ባለሱቅ ጠየቅሁ። ሰውየው ወሬ ይወዳል። ያቺ ባለ ሦስት ቀለም፣ ቢጫዋ ምስል፣ ቀይና ነጯ ድምፅ ይዘው ሩቅ ይሄዳሉ፤ ምስሏ ግን ደብዛዛ ነው አለኝ። ቪጂኤ የሚባለው ገመድ በብሎን ይታሰራል፣ ድምፅ ግን አያውቅም። ዲስፕሌይፖርት የኮምፒውተር ነው፣ አንተ ቤት ምን ይሠራል? ኤችዲኤምአይ ግን ምስሉንም ድምፁንም በአንድ ገመድ፣ ጥርት አድርጎ! ብቻ ገመዱ ሲረዝም ይደክማል፤ ደግሞ ከሪሲቨሩ ላይ መሰካት አለበት አለ። ከእትዬ ሪሲቨር ላይ? ሄጄ «ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቻለሁ» ልበላቸው? በምን ወኔዬ! ሦስቱን ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይር ትንሽ ሳጥን ገዝቼ ተመለስኩ።

ሰካሁት። ያው ደብዛዛ ምስል ግድግዳ አክሎ መጣ። ውኃው ከደፈረሰ ብርጭቆው ቢያምር ምን ያደርጋል?

በሩ ተንኳኳ። «አንተ ልጅ፣ አለህ?» እትዬ ናቸው! ክው አልኩ። ሪሞቱ ጠፋብኝ። የድሮው ቢሆን ቀይና ነጯን መንቀል ነበር፣ ድምፁ ጭጭ ይል ነበር። የኤችዲኤምአዩ መሰኪያ ደግሞ በጀርባው ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፤ እጄ አልደርስ አለኝ። ጋቢዬን ቴሌቪዥኑ ላይ ወርውሬ በሩን ከፈትኩ።

እትዬ ሳምቡሳ ይዘው ገቡ። ጋቢው ውስጥ የቱርክ ድራማዋ ሴት ታለቅሳለች።

«ማናት የምታለቅሰው?» አሉና ጋቢውን ገለጡት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ቴሌቪዥኑን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ለኩት። ቀጥለው ክፍሉን ለኩት።

«ሱብሃነላህ! ይሄ ቤት ለዚህ ይጠባል። አብረው አይሆኑም።»

ፍራሼን አይሱዙ ላይ ጭኜ ደላላ ፍለጋ ስንከራተት ታየኝ። «እትዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ...» ብዬ ሳልጨርስ፣

«ስለዚህ ሳሎን ይግባ» አሉ።

ራሴ ተሸክሜ አስገባሁት። ራሴ በኤችዲኤምአይ ከሪሲቨሩ ጋር አገናኘሁት። ምስሉ ሲያምር! ድምፁን ከአሮጌዋ ቴሌቪዥኔ እየሰማሁ፣ ምስሉን በመስኮቴ አሻግሬ ሳሎናቸው ውስጥ አየዋለሁ።

ድሮ የምፈራው ውጣ እንዳይሉኝ ነበር። አሁን ልውጣ ብል ቴሌቪዥኔን መልሱለት ብሎ ማን ይጠይቅልኛል? ትናንት እትዬ ሪሞቱን እንደያዙ መረቁኝ።

«አላህ ከዚህ ግቢ አያውጣህ!»

አሚን አልኩ። ምን ልበል?