ቢራቢሮ የሚያድሉት ልብስ ሰፊ

ሁለት ነገር አንድ ነው ሲባል ሆዱን የሚቆርጠው ሰው በየከተማው አይጠፋም። ዝናብ ዘነበ ብትሉት “የትኛው ዝናብ?” ይላችኋል። ሙዝ በላሁ ብትሉት፣ የበላችሁት ሙዙን ሳይሆን የሙዙን የአጎት ልጅ መሆኑን እስኪያስረዳችሁ ድረስ የበላችሁት ሆዳችሁ ውስጥ ይጎመዝዛል። እንዲህ ያለው ሰው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ሸሽተን በተገላገልነው። መከራው ደግ መሆኑ ነው፤ ያወቀውን ለብቻው መብላት አይሆንለትም።

በሳንታ ኢሳውራ ከተማ እንዲህ ያለው ሰው ክቡር ዶን ቴዎዶሚሮ ነበሩ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ለቅሶ ቤትም ቢሄዱ ሜትራቸው ካንገታቸው አይወርድም። የአንዲስ ተራራ ቁልቁል ወርዶ ከጫካው በሚገጥምበት፣ ሰው ሁሉ በካናቴራ በሚውልበት በዚያ ወበቅ፣ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ የሚለብሱ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክር ሲመርጡ ስለኖሩ ዓይናቸው ሰማያዊን ከሰማያዊ መለየት ለምዷል። በስተርጅና ያንን ዓይን ይዘው ወደ ቢራቢሮ ዞሩ።

ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡት ሰማያዊ ቢራቢሮዎች ሳንታ ኢሳውራ ውስጥ እንደ አቧራ ናቸው፤ ማንም ልብ አይላቸውም። እርጥብ መሬትና ጨው ይወዳሉ። ጨው ደግሞ እንደልብ የሚገኘው ከገበያው ጀርባ፣ የባለሦስት እግር ሞተር ነጂዎች ሽንታቸውን በሚሸኑበት ግድግዳ ሥር ነው። ዶን ቴዎዶሚሮም ከነክራቫታቸው እዚያው ይንበረከካሉ።

“ጌታዬ፣ እባክዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ አስቸኩሎኛል” ይላቸዋል አንዱ ነጂ።

“አንተ ፈቀቅ በል! እነሱ ቀድመውሃል” ይሉታል ዞር ብለው ሳያዩት።

ትንሽ ቆይተው ጣታቸውን ወደ ሰማይ ያነሳሉ። “ይሄ ሌላ ነው!”

ከተማው “ዶን ሌላ-ነው” ብሎ ስም አወጣላቸው። እሳቸው እንደሆኑ ቅር አላላቸውም። ቅር ያላት ልጃቸው ኔሊዳ ናት። ኔሊዳ የከተማው ትምህርት ቤት አስተማሪ ስትሆን፣ የጠዋት መንገዷ ያለ ዕድሏ በዚያ ግድግዳ በኩል ነው። “መምህርት፣ አባትሽ ሽንት ላይ ተንበርክከው እየጸለዩ ነው!” ይሏታል ተማሪዎቿ። “የማን አባት?” ትላቸውና እርምጃዋን ታፈጥናለች። በመንገዱ ማዶ ስታልፍ ግን ጀርባዋ ይበላታል። ካባቷም ይልቅ በራሷ ታፍራለች፣ ማፈሯን ግን ማቆም አትችልም። እፍረት እንደ ማስነጠስ ነው፤ ይዘው ቢያፍኑት በጆሮ ይወጣል።

ዶን ቴዎዶሚሮ ያገኙትን ሁሉ ለራሳቸው አላስቀሩም፤ አደሉ። ለልደት፣ ለክርስትና፣ ለተጣላም ማስታረቂያ ቢራቢሮ ሰጡ። ማለትም፣ አዲስ ነው ያሉትን ሁሉ በአንድ ጎረቤት ስም ጠሩት። ሥጋ ሻጩ ዶን ፋውስቲኖ ከሁሉ ያማረው፣ እንደ ንጋት ሰማይ የሚያበራው ደረሰው። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ዶኛ ኤርሊንዳ ግን ቡናማው ደረሳት። እሷና ዶን ፋውስቲኖ ደግሞ በአንድ ውሻ ምክንያት ከተኳረፉ ዘመናት አልፈዋል።

“ለዚያ ሥጋ ሻጭ ሰማይ የመሰለ፣ ለኔ ያረረ ሽንኩርት የመሰለ?” አለች ኤርሊንዳ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

“ጨዋነት ነው እመቤቴ። ሰማያዊው እዩኝ እዩኝ ባይ ነው። የርስዎ ግን ክብሯን የጠበቀች ናት። ክንፏን ስትገልጥ ብቻ፣ ከሥሩ ትንሽ ሰማያዊ አላት።”

ከዚያ በኋላ ዶኛ ኤርሊንዳ የራስ ምታት ክኒን ለሸጠችለት ሁሉ ስለ ጨዋዋ ቢራቢሮዋ ሳትነግር አትሸኝም።

ኔሊዳ ሁሉንም ትችለው ነበር፤ የእናቷ ቀብር ነው ያቃታት። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ የመቃብሩ በር ጭቃ ሆኗል። የእናቷን የዶኛ ኦርፊሊያን ሣጥን የተሸከሙት ጎረቤቶች በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ከኋላ ሲያለቅሱ የመጡት ዶን ቴዎዶሚሮ ድንገት “ቁሙ!” አሉ። ሰዉ ራሳቸውን ሊስቱ ነው ብሎ ደነገጠ። እሳቸው ግን ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። በተሸካሚዎቹ እግር መሃል ጥቂት ሰማያዊ ቢራቢሮዎች እርጥቡን ይመጥጣሉ።

“ይሄ ሌላ ነው” አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

“ዶን ቴዎዶሚሮ፣ ሬሳ ተሸክመናል እኮ!” አለ ከፊት በኩል የያዘው ዶን ፋውስቲኖ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ።

“አንዴ ታገሰኝ። እሷም ችኩል አልነበረችም።”

ያቺ ቢራቢሮ ኦርፊሊያ ተባለች። ኔሊዳ ግን የሰማችው ሌላ ነገር ነው። ከሰልፉ ጭራ አንድ ሰው ሳቁን ማፈን አቅቶት ፍርፍር ሲል ሰምታለች። ከእናቷ ቀብር በጆሮዋ የቀረው ይኸው ሳቅ ሆነ።

እንግዲህ በሳን ሁዋን በዓል ሰሞን ከንቲባው አንድ ሐሳብ መጣለት። በበዓሉ ወንዝ መታጠቡና በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ መብላቱ የሌላውም ከተማ ነው፤ ሳንታ ኢሳውራ የራሷ ዝና ያስፈልጋታል። ስለዚህ ሰማያዊ ቢራቢሮዎችን የምታጠና ዶክተር ሳቢና ያውሪ የምትባል ሴት ከሊማ ተጋበዘች። መድረኩን እንድትመራ የተመረጠችው ኔሊዳ ናት።

ለኔሊዳ የመጣላት የመጀመሪያ ሐሳብ የአባቷ ጣት ነበር፤ ከአዳራሹ መሃል ወደ ጣሪያው ሲወጣ ታያት። እንቅልፍ አጣች። በበዓሉ ጠዋት አባቷ ቡና ላይ ተቀምጠው ሳለ ቀለል አድርጋ፣ “አባዬ፣ የዶክተሯ ንግግር ለነገ ተዛውሯል” አለቻቸው።

“ለነገ? ይሁና! ሱሪዬን በደንብ እተኩሰዋለሁ።”

ደስ እያላቸው ካውያውን ሊያግሉ ተነሡ። ኔሊዳ ዳቦዋን ሳትጨርስ ወጣች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ዶክተሯ አጠር ያለች፣ ቦት ጫማዋ ጭቃ የጠጣ፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። ግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየች ታስረዳለች። አንድ ደማቅ ሰማያዊ መጣ፤ ሰዉ “ፋውስቲኖ! ፋውስቲኖ!” ብሎ አጨበጨበ። ከጎኑ ቡናማዋ መጣች።

“እነዚህ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው” አለች ዶክተሯ። “ሰማያዊው ወንዱ ነው፤ ይቺ ቡናማዋ ሚስቱ ናት።”

ዶኛ ኤርሊንዳ ብድግ አለች።

“ማን ነው የዳረኝ? ከዚህ ሥጋ ሻጭ ጋር? አሁኑኑ አፋቱኝ!”

“እኔስ ተጠይቄያለሁ እንዴ? ሚስት አለችኝ እኮ!” አለ ዶን ፋውስቲኖ ከማዶ።

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ዶክተሯ ግራ እየገባት ቀጠለች። የዳኛውና የፀጉር አስተካካዩ ቢራቢሮዎች አንድ ሆነው ተገኙ፤ አንደኛው የክረምት፣ ሌላኛው የበጋ መልኩ ነው። የቄሱ የተባለችው ደግሞ ራሷ የዳኛው ናት፣ አርጅታ ቀለሟ የረገፈ።

“ያ ልብስ ሰፊ ከተማውን ሙሉ ከአንድ ጣቃ ሰፍቶ ሸኘን!” ብሎ አንዱ ጮኸ።

“ማን ነው እሱ?” አለች ዶክተሯ።

“ዶን ሌላ-ነው! የመምህርቷ አባት!”

ሰው ሁሉ ወደ ኔሊዳ ዞረ። ማይክራፎኑን አጥብቃ ያዘች። መሬት ብትከፈትላት ትገባ ነበር። መሬት አልተከፈተችም። ያን ጊዜ፣ ከየት እንደመጣባት ሳታውቀው፣ ጉልበቷን ሸብረክ አደረገች፣ የሌለ ክራቫት ሳብ አደረገች፣ ጣቷን አነሳችና በአባቷ ድምፅ “ይሄ ሌላ ነው!” አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዕድሜዋን ሙሉ የሳቀባት ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሯት ሳቀ፤ እውነት ለመናገር፣ ጣፈጣት። ደግማ ጣቷን ልታነሳ ስትል ሳቁ ከበሩ ጀምሮ ወደ መድረኩ እየከሰመ መጣ።

ዶን ቴዎዶሚሮ በር ላይ ቆመዋል። ለካ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ወደ አደባባዩም ያሰማል፤ አደባባዩ ዳር ባለው ቤታቸው ሱሪ እየተኮሱ ሳለ የልጃቸውን ድምፅ ሰምተው ነው የመጡት። አንደኛው የሱሪያቸው እግር እንደ ቢላ የተሳለ ነው፣ ሌላኛው ገና ጭምድድ እንዳለ ነው።

“ይቅርታ፣ ዶክተር” አሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው። “ቀኑን እኔ ተሳስቼ ነው የዘገየሁት።”

ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ጣታቸውን አላነሱም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከተማውን አስደነገጠው። “ዝናብ መጣ፣ ዶን ቴዎዶሚሮ!” ሲሏቸው “አዎ፣ ዝናብ ነው” አሉ። ከግድግዳው ሥር ጠፉ። አንዱ ሞተር ነጂ፣ እሳቸው ከቀሩ ወዲህ ሽንቱ እንኳ ደስ ብሎት እንደማይወርድለት ተናገረ። ኔሊዳ ይቅርታ ለመጠየቅ ስንት ጊዜ ከአባቷ ሱቅ ደጃፍ ደርሳ እንደተመለሰች እሷ ታውቃለች፤ የስፌት መኪናውን ድምፅ ስትሰማ ፊቷ ይነድዳል፣ እግሯ ይዞራል።

አንድ ቀን ዶን ፋውስቲኖ ሽርጡን እንደለበሰ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ።

“ልጄ፣ አባትሽ ታመዋል።”

“ምን ሆኑ?”

“ለሽርጤ ክር ልመርጥ ሄጄ፣ የትኛው ሰማያዊ ይሻላል ብላቸው፣ ‘ሁሉም ሰማያዊ ነው’ አሉኝ! ሐኪም ጥሪ!” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ኤርሊንዳም ትዳሩን ተቀብያለሁ በላቸው ብላኛለች። ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?”

ኔሊዳ ክፍሏን ለባልደረባዋ አስረክባ ለጥናቷ እዚያው ወደ ሰነበተችው ዶክተር በቀጥታ ሄደች። ዶክተር ሳቢና በመቃብሩ በር ጭቃ ላይ መረቧን ይዛ ቁጢጥ ብላለች። ኔሊዳ አባቷን በውሸት ማስቀረቷን ጀምራ እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ዶክተሯ አላጽናናቻትም፣ አልፈረደችባትም።

“አባትሽ አንዱን አሥር ያደርጋሉ ሲባል ሰምቻለሁ” አለች። “ይቺን፣ የዚህን በር ቢራቢሮ፣ ስንት ናት ይላሉ?”

“አንድ። የእናቴ ናት።”

“እኔም እስከ ትናንት አንድ ናት ስል ነበር። ያስተማሩኝም እንደዚያው ነው። ትናንት ሆዳቸውን ከፍቼ በማጉያ መነጽር ሳይ ግን ሁለት ይመስሉኛል። ክንፋቸው አንድ ነው፣ ጭቃቸው አንድ ነው፣ ግን አይጋቡም። ሊማ ሄጄ ሳላጣራ አፌን ሞልቼ አልናገርም።”

ኔሊዳ ሱቁ ስትደርስ በዚያን ቀን አልተመለሰችም፤ ገባች።

“አባዬ።”

“እ።”

“የእማዬ ቢራቢሮ ሁለት ሳትሆን አትቀርም ትላለች ዶክተሯ። በክንፍ አይለዩም፣ በውስጣቸው ነው።”

መቀሱ ጨርቁ መሃል ቆመ። “እኔ ግን አላየሁም።”

“ማንም አላየም።” ቁልፍ የሞላበትን ጣሳ ማነካካት ጀመረች። “ሁለተኛዋ ስም የላትም። ለማን ትሰጣታለህ? ከተማው እንደሆነ ሁሉም ደርሶታል።”

“ላንቺ።”

“ለኔ?”

“ከተወለድሽ ጀምሮ ላንቺ የምትሆን ስፈልግ ነው የኖርኩት። አግኝቼም አውቃለሁ፣ ብዙ ጊዜ።”

“ታዲያ ለምን ሳትሰጠኝ ቀረህ?”

“ታፍሪያለሽ ብዬ።”

ወቀሳ አልነበረበትም። የወገብ ልክ እንደሚናገሩ ነው የተናገሩት። ኔሊዳ ቁልፎቹን እያየች አንገቷን ደፋች፤ ቁልፎቹ በእንባዋ ተደበላልቀው አንድ ዓይነት ሆኑባት።

“በአዳራሹ ያደረግሁት…” ብላ ጀመረች።

“ጣትሽን ተሳስተሻል” አሉ ዶን ቴዎዶሚሮ። “የቀኝ አነሳሽ። እኔ የማነሳው የግራዬን ነው። ድምፁ ግን ደህና ነበር።”

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጡባት። አባቷ መሃረብ አቀበሏት፤ መሃረቡ የጥጥ ሳይሆን ጥጥ የተቀላቀለበት መሆኑንም በዚያው አስረዷት።

“አሁንም ታፍሪብኛለሽ?”

“ትንሽ።”

“ትንሽ ደግ ነው። እናትሽም ትንሽ ታፍር ነበር።”

በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከተማው ሁሉ አደባባዩ ላይ ፈስሶ ሳለ፣ አንዲት ሰማያዊ ቢራቢሮ ከቦዩ ዳር አረፈች። ዶን ቴዎዶሚሮ ተንበረከኩ። ኔሊዳ ግራ ቀኟን አየች፣ የበዓል ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና ከጎናቸው ተንበረከከች።

“ይቺስ ደግሞ የማን ናት?” አለች ዶኛ ኤርሊንዳ ከበላያቸው ቆማ።

“ወይ የእናቴ ናት፣ ወይ የኔ” አለች ኔሊዳ።

“እንዴት ነው የምትለዪው?”

“አልለየውም።”

ሰዉ እየከበባቸው መጣ። ኔሊዳ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። “አልለየውም” ብላ ስትደግም ግን ድምፅዋን አልቀነሰችም።