ሦስተኛው ኖዝል

ዓይናፋር ሰው ብዙ አያወራም እንጂ ብዙ ይሰማል። ሰዎች "ይቺ ልጅ ምላስ የላትም" ሲሉኝ አልቀየምም፤ ጆሮዬን ስላላዩት ነው። እናንተስ የምትጠብቁት ሰው ካለ በምን ድምፅ ታውቁታላችሁ? አንዳንዱ በሳሉ ይታወቃል፣ አንዳንዱ በጫማው ኮቴ። የእኔ ሰው የሚታወቀው በናፍጣ ሞተር ነው። የአባቴን መኪና ከሌላው ሁሉ ለይቼ የማውቃት ገና ወደ ሰፈራችን ወደ ፈላና በር የሚመጣውን ዳገት ስትይዝ ነው።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጊደር መጋላ ገበያ እህል ያራግፍና ቤት ይገባል፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ስነቃ የለም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት መኪናዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ እየተንቀጠቀጠች ዳገቱን በግድ ስትወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ከንፈሩን ሲመጥልን፣ እኔ በሆዴ ደስ አለኝ። ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ደስ አለኝ።

አቦከር ሰፈር ወዳለው ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ አብዶሽ፣ እኛ በአክብሮት አው አብዶሽ የምንላቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሞተር ሲጮህባቸው ኖሮ ጆሯቸው ደክሟል፤ ይህንን ግን ለማንም አይናገሩም። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዕቃ ኖዝል ይባላል፤ የእኛ መኪና አራት አላት። የታመመው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ሞተሩ እየሠራ የየኖዝሉን ቧንቧ በየተራ ያላሉታል። ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ኖዝል ጤነኛ ነው፣ ሲሠራ ነበር ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ በሽተኛው እሱ ነው፤ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነበር።

አባቴ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ሞተሩን አስነሣ። አው አብዶሽ እኔን ጠሩኝ።

"ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ያንቺ ጆሮ አዲስ ነው።"

የአንደኛውን ቧንቧ አላሉት። "ተለወጠ?" ተለወጠ አልኩ። ሁለተኛውም ተለወጠ። ሦስተኛውን ሲያላሉት ግን ሞተሩ ጭራሽ አልተሰማውም።

"አቦ፣ ተናገሪ እንጂ!"

ኖዝል መቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከተናገርኩ አባቴ ነገ መንገድ ላይ ነው።

"ተለወጠ!" አልኩ። በሕይወቴ ጮክ ብዬ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ውሸት ሆነ።

አራተኛውም ተለወጠ። አው አብዶሽ "ወላሂ፣ እንግዲያው ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓ ነው" ብለው ፖምፓውን ፈቱና ለምርመራ ድሬዳዋ ላኩት። አራት ቀን ፈጀ።

በእነዚያ አራት ቀናት አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የቦርሳዬን ዚፕ ጠገነልኝ። በሻይ መሃል እንደሚያፏጭ አላውቅም ነበር። "ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?" አለኝ። "ስምንተኛን ጨረስኩ እኮ" ስለው ዚፑን ትቶ አየኝ። "መቼ?" አለ። ከዚያ በኋላ ዚፑን ሁለት ጊዜ አበላሽቶ እንደገና ጠገነው።

ፖምፓው "ምንም የለበትም" ተብሎ ተመለሰ። ቦታው ገብቶ ሞተሩ ሲነሣ መንቀጥቀጡ ያው ነው። አው አብዶሽ ዞረው ጆሮዬን አዩ።

"አቦ፣ ይቺ ጆሮ ናት ጉድ የሠራችኝ?"

ፊቴ ጋለ። ውሸቴን ላምን አፌን ስከፍት አባቴ በጋቢናው መስኮት አንገቱን አወጣ።

"ሦስተኛውን ይፍቱት፣ አው አብዶሽ።"

"በምን አወቅክ?"

"ያኔም እግሬ ሥር ተሰምቶኝ ነበር።"

"ታዲያ አራት ቀን ሙሉ ምነው ዝም አልክ? ምላስ የለህም?"

አባቴ መሪውን እያየ ቀላ። ዓይናፋርነቴን ከማን እንደወረስኩት ያን ቀን አወቅሁ።

ኖዝሉ ተቀየረ። መኪናዋ እንደ ድመት እያንኮራፋች ከሰዓት በኋላ ሄደች። እኔም ድምፅዋ ዳገቱን ወርዶ እስኪጠፋ ድረስ ደጃፋችን ላይ ቆምኩ።

እናቴ ሳህን እያጠበች ነበር። "ምን ያስቆዝምሻል? ድሮም ሁለታችን ነን፤ ምን ተለወጠ?" አለችኝ።

ለእሷ መልስ አልሰጠኋትም። ለእናንተ ግን አሁን አልዋሽም፤ ተለውጧል። ደግነቱ አው አብዶሽ እንዳስተማሩኝ ከሆነ፣ ሲላላ ድምፅ የሚለውጠው ጤነኛው ነው።