ወይዘሮ ወለላ ቆሮሶን ድል የነሡበት ሐሙስ

ሐይቁን ከነዓሣው በፈጠረ በእግዚአብሔር ስም ይህን ዜና እንጽፋለን። የባንኮ ጎቲቲ እመቤት፣ የሰባት ልጆች እናት፣ የእንሰት ጓሮ አዛዥ፣ ዳገት የማያደክማቸውና መነጽር የማያሻቸው ወይዘሮ ወለላ በተወለዱ በሰባ አንደኛው ዓመተ መንግሥታቸው፣ ልጃቸው ታዲዮስ የቤቱን ቆርቆሮ ባስቀየረ በሦስተኛው ዓመት፣ የልጅ ልጃቸው ሉሲ ሁለቱን የፊት ጥርሶቿን በጣለች በሁለተኛው ወር፣ በዘመነ ማርቆስ፣ የካቲት በባተ በአምስተኛው ቀን፣ ዕለቱም ሐሙስ ነበር፣ በዲላ ከተማ ታላቅ ነገር ሆነ። የምጽፈውም እኔ የታዲዮስ ሚስት ጥሩብርሃን ነኝ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከፊሉንም በአፌ ቀምሻለሁ።

የዘመቻው መነሻ ይህ ነው። ባለቤቴ ታዲዮስ በገደብ ከተማ የሒሳብ መምህር ነውና የግማሽ ዓመት ዕረፍት በመጣ ቁጥር «ዘንድሮስ ዲላ ወርደን ዓሣ እንበላለን» ብሎ ያውጅ ነበር። አዋጁ ሦስት ዓመት ታወጀ፣ ሦስት ዓመትም ተሻረ። የሻርኩት እኔ ነኝ። ሉሲ በአራት ዓመቷ የሸሚዝ ቁልፍ ውጣ ነበርና። ቁልፉ በሦስተኛው ቀን በሰላም ወጣ፤ በየት በኩል እንደ ወጣ ዜና መዋዕል ጸሐፊ አይጽፍም። ከዚያ ወዲህ ግን ልቤ በልጄ ጉሮሮ ላይ ዘብ ቆሞ ቀረ፤ ዓሣ የሚባለውም እሾሁን በሥጋው ውስጥ ሸሽጎ እንደሚመጣ በሰማሁ ጊዜ ስሙ በቤቴ እንዳይነሣ ከለከልኩ።

በዚህ ዓመት ግን እማማ ወለላ ከባንኮ ጎቲቲ ሊጠይቁን መጡና፣ ክርክራችንን ከሰሙ በኋላ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ዕድሜዬን ሙሉ ዓሣ ዓሣ ሲባል እሰማለሁ፤ አንድ ቀን ቀምሼው አላውቅም። ብቻዬን ደግሞ አልቀምስም፤ ከልጅ ልጆቼ ጋር ነው። አንቺ ልጅ፣ ፍሪም አትፍሪም፣ ጫማሽን አድርጊ።»

ይህንን አዋጅ የሚሽር በገደብ አልተገኘም።

ወእምዝ ሠራዊቱ ተነሣ። በፊት እማማ ወለላ ነበሩ፤ ከሚኒባሱም ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ያለ ጦርነት ያዙ። ቀጥሎ ታዲዮስ፣ የሰላም ሰው፣ በእናቱና በሚስቱ መካከል ሲቆም አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው። ቀጥሎ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ሔርሜላ፣ የስልክ ባለሟል፣ በየመንገዱ ፎቶ የምታነሣ። ቀጥሎ ሉሲ፣ እያወራች የምትበላ፣ እየበላች የምታወራ። በስተኋላ እኔ ነበርኩ፤ በቦርሳዬም ስምንት ሙዝ፣ ሁለት ድፍን ዳቦና አንድ ትልቅ ኮዳ ውኃ ነበረ። ጉሮሮ ላይ የተሰካ እሾህ በሙዝ ወይም በዳቦ ተገፍቶ ይወርዳል ስለተባለ ይህን ሁሉ ስንቅ አድርጌ ያዝኩ። ይርጋጨፌን አለፍን፤ ወናጎንም አለፍን። ዲላ በደረስን ጊዜ ከስምንቱ ሙዝ የቀረው ልጣጩ ነበር፤ ሠራዊቱ በመንገድ ላይ ርቦት ነበርና።

በሁለት ባጃጅ ተከፍለን ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ወዳለ አንድ ዓሣ ቤት ደረስን። በዚያም ሰይድ የተባለ የመጥበሻው ጌታ፣ ከዘይት ጋር ሲዋጋ ክንዱ የጠቆረ፣ በጣም ቀልደኛ ሰው ነበረ። ዓሣውም በዚያው ማለዳ ከአባያ ሐይቅ በሞተር ብስክሌት የመጣ ቆሮሶ ነበር፤ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ከነጭንቅላቱ ከነጅራቱ ተጠብሶ፣ ከሎሚ፣ ከዳጣና ከዳቦ ጋር በሰፊ ትሪ ቀረበ። ቁጥሩ አራት ነበር። ጠረኑ በደረሰን ጊዜ፣ እውነቱን ለመጻፍ፣ የእኔም ምራቅ ወረደ።

እማማ ወለላ ጸለዩ። ለሐይቁ ጸለዩ፣ ለዓሣ አጥማጁ ጸለዩ፣ ለሞተር ብስክሌቱ ነጂ ጸለዩ፣ ባንኮ ጎቲቲ ላሉ ጎረቤቶች በየስማቸው ጸለዩ፣ ጉልበቱን ለታመመ አንድ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ጸለዩ፤ አሜን በተባለ ጊዜ ዓሣው ለብ ብሎ ነበር። እጆች ሁሉ ወደ ትሪው ሲዘረጉም እኔ ብድግ ብዬ አወጅኩ፦

«እጅ ወደ ኋላ። ማንም እንዳይነካ። እኔ ያልፈተሽኩት ዓሣ ዛሬ በዚህ ቤት አይጎረስም።»

አራቱንም ቆሮሶ ወደ ራሴ ሳብኩ። የስልኬን መብራት አበራሁ። አንዱን ዓሣ አንሥቼ በጣቶቼ እየፈተፈትኩ፣ እያንዳንዷን ቁራሽ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል እያሸሁ፣ እሾህ መስሎ የታየኝን ሁሉ፣ እሾህ ያልሆነውንም ጭምር፣ በሶፍት ላይ አሰለፍኩ። የአንዱ ዓሣ ፍተሻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከፍተሻው በኋላ የተገኘው ነጭ ክምር ነበር፤ ዓሣ መሆኑን የሚያውቀው አመጣጡን ያየ ብቻ ነው። ሔርሜላ ክምሩን አይታ አወጀች፦

«እማ፣ እኛ የታዘዘልን ዓሣ ነው፤ ይሄ ቂንጬ ነው። በማንኪያ ልንበላው ነው?»

ሰይድም ከመጥበሻው ኋላ ሆኖ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አወጀ፦

«እትዬ፣ ዓሣዬን ኪሱን ሁሉ ፈተሽሽው እኮ። እንግዲህ መታወቂያም ጠይቂው፤ የአባያ ነዋሪ ነው፣ ችግር የለበትም።»

ተመጋቢው ሁሉ ሣቀ። ታዲዮስ ግን አልሣቀም፤ ከማንም ወገን ሳይሆን ዳቦ በዳጣ ይበላ ነበር። የሉሲ እንባ ከዓይኗ ጠርዝ ላይ ደርሶ ነበር። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ዓሣ ፊቷ ተቀምጦ እየቀዘቀዘ ነው። ይህንን እያየሁ ግን ጣቶቼ መፈተሻቸውን አላቆሙም፤ ከልጄ ማልቀስ ይልቅ እሾሁ ይበልጥ ያስፈራኝ ነበርና። ሁለተኛውንም ዓሣ ጀመርኩ።

በዚህን ጊዜ እማማ ወለላ ተነሡ። ወደ መታጠቢያው ሄደው እጃቸውን ሁለተኛ ታጠቡ፤ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ፤ ተመልሰውም ከተማረኩት ዓሦች ሦስተኛውን በጅራቱ ይዘው ከእጄ ሥር አወጡት። ከፍ አድርገው በመስኮቱ ብርሃን አዩት፤ ገለበጡት፤ በአውራ ጣታቸው ጀርባውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ወበውእቱ ጊዜ ከአዋጆች ሁሉ የሚበልጠውን አዋጅ አወጁ፦

«ይሄማ የኛው እንሰት ነው። ቃጫው መሀል ለመሀል ወርዷል፤ የሚበላው ዳርና ዳር ተኝቷል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስፍቅ የኖርኩትን ነገር ነው እንዴ ከተማ አምጥታችሁ የምታስፈራሩኝ?»

ይህን ብለው እንሰት እንደሚፋቅ አውራ ጣታቸውን ከጭንቅላቱ ሥር አስገብተው አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ጅራቱ ገፉት። ሥጋው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ወደቀ። እሾሁም አንድም ሳይሰበር፣ እንደ ማበጠሪያ ተሰልፎ፣ ከጭንቅላት እስከ ጅራት በእጃቸው ቀረ። ሰይድ ጭልፋውን አስቀምጦ ቆመ። አሥር ዓመት ዓሣ ጠብሼ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም ብሎም መሰከረ።

ከዚህ በኋላ እማማ ከሥጋው ቆርሰው፣ ዳጣ አስነክተው፣ ለሉሲ አጎረሱ። እኔም ያልተፈተሸ መሆኑን ላውጅ አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን የአማቴ እጅ ከአዋጄ ቀደመ፤ ሁለተኛውን ጉርሻ፣ የሕፃን ቡጢ የሚያህለውን፣ በተከፈተው አፌ ውስጥ አደረጉት። የአማት ጉርሻ አይመለስም፤ አይተፋም፤ ገሚሱም አይቀርም። ስለዚህ መንግሥቴ በዚያች ደቂቃ ያለ ድምፅ ቀረ። በአፌ ዓሣ ነበረ እንጂ ቃል አልነበረም።

ዝም ባልኩበት በዚያ ጊዜ የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አየሁ። ሔርሜላ የራሷን ቁራሽ አነሣች። ታዲዮስ ዳቦውን ትቶ ወደ ዓሣው ዞረ። ሉሲም፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳታወራ አኘከች። በዝግታ አኘከች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ድንገት መንጋጋዋ ቆመ። ልቤም አብሮ ቆመ። ልጄ ግን ሁለት ጣቶቿን ወደ ከንፈሯ ወስዳ፣ ጥርስ በሌለበት በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነች እሾህ ስባ አወጣችና፣ ከትሪው ጠርዝ ላይ አኖረቻት። አየችኝ። ከዚያም ማኘኳን ቀጠለች። ጥቂት ቆይታም ሁለተኛዋን ከመጀመሪያዋ ጎን በሥርዓት አስተኛች።

የእኔም ምላስ በዚያው ሰዓት አንዲት እሾህ አገኘች። ማንም ሳያሳያት፣ ያለ መብራት፣ በራሷ አገኘቻት። ምላስ እንዲህ ያለ ሙያ እንዳላት ሠላሳ ስምንት ዓመት ይዣት ስዞር አላወቅሁም ነበር። እሾሁን አውጥቼ ከሉሲ እሾሆች ጎን አኖርኩት፤ ጉርሻውንም ዋጥኩት። እንዴት እንደሚጣፍጥ የነገረኝ አልነበረም። ከዚያም የመጨረሻውን አዋጅ አወጅኩ፦

«አራተኛው ዓሣ አልተነካም። ከነጭንቅላቱ ለሉሲ ይሰጥ። ማንም እንዳይፈትሽላት፤ እኔም ጭምር።»

ሉሲ ዓሣውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ከእሱ ጋር ቆየች፤ እኔም ሠላሳ ደቂቃ እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ከዓሣው የቀረው ጭንቅላቱ፣ ጅራቱና የተሟላ አጽሙ ነበር፤ ሔርሜላም ለታሪክ ፎቶ አነሣችው። ያን ፈትሼ የከመርኩትን ነጭ ክምር ግን ማንም አልነካውም፤ ምግብ አይጣልምና እኔው በማንኪያ በላሁት። በውስጡም ሁለት እሾህ አገኘሁ።

እንግዲህ ይህ የወይዘሮ ወለላ ገድል ነው፤ በገደብ ይነገር፣ በባንኮ ጎቲቲም ይሰማ። ሐይቅ ሳያዩ የሐይቁን ልጅ ያወቁ፣ ቢላ ሳይጨብጡ ድል የነሡ፣ አዋጅ የበዛበትን አፍ በአንድ ጉርሻ ጸጥ ያሰኙ፣ ቀዝቃዛውንም ዓሣ ቆንጆ ነው ብለው የበሉ እናት ናቸው። ዘመናቸው ይርዘም። እሾህን ከሥጋ፣ ፍርሃትንም ከእናት ሳያቆስሉ የለዩ እጆቻቸው ይባረኩ።