የጥላ ወሰን

የወሰን ድንጋይ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከአንዷ ጋር በሰው አገር፣ ሳጃና በሚባል ሰፈር፣ ሖሽ የሚሉትን ባለ ግቢ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። እትዬ ዘይነባ ይባላሉ፤ የወሎ ሰው ናቸው። ግቢው የአከራያችን የሐጃ ቢሆንም እሳቸው እንደ ርስት አካፈሉን። አንድ ጠዋት ከኒሙ ዛፍ ሥር ድንጋይ ተከሉና ጥላ ያረፈበትን ምዕራቡን ለራሳቸው ወስደው ፀሐይ የሚጠብሰውን ምሥራቁን ለእኔ ሰጡኝ። ደብተርም አስያዙኝ።

«በምሥራቅ አንቺ ታዋስኚኛለሽ፤ ጻፊ።»

ምን ላድርግ? ጻፍኩ።

ከሰዓት ፀሐይዋ ዞረችና ጥላው እንዳለ ወደ እኔ ተሻገረ።

«ወሰን ገፋሽብኝ» አሉ እትዬ ኮስተር ብለው።

ሐጃ ለዳኝነት ተጠርተው መጡና ሳቁ። በዐረብኛቸው «ያ ዘይነብ፣ ፀሐይዋን ልትከሺ ነው?» አሉ።

እትዬ ግን የተጻፈ አያፈርሱም። ላባቸው እየወረደ ከድንጋዩ ወዲያ ተቀመጡ። አንጀቴ አልችል አለና «ኢትፈደሊ እትዬ፣ ይሻገሩ» አልኳቸው። ሲጠሩ ጊዜ ተሻገሩ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት እሳቸው ይጠሩኛል፤ ከሰዓት እኔ እጠራቸዋለሁ። ባለፈው ሐጃ ግቢውን ሲጠርጉ ድንጋዩን ሊነቅሉት ጎንበስ ቢሉ፣ ሁለታችን ወሰንተኞች ልንከለክላቸው እኩል ተነሣን።