ዛንዚባርን ያቀድኩት እኔ ነኝ

ምክር የሚጠይቃችሁን ሰው ፍሩት። ስኳር ልትበደር የመጣች ጎረቤት ስኳሯን ይዛ ትሄዳለች፤ ምክር ጠያቂ ግን ልባችሁን አንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። በተለይ እንደ እኔ አርጅታችሁ፣ ከዓመት ዓመት «መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ?» ከሚል በቀር ጠያቂ ከሌላችሁ፣ «አንቺ ምን ትያለሽ?» የምትለዋ ነገር ራስ ላይ ትወጣለች። እኔማ ራሴ ላይ ወጥታ ዛንዚባር ድረስ ወስዳኛለች።

ልጄ ሰናይት ዓለም ባንክ ሰፈር ነው የምትኖረው፣ እኔ እዚህ ቀራንዮ። በታክሲ ቅርብ ነው፤ በእሷ ሥራ ብዛት ግን ሩቅ። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቅ ስል እሷና ባሏ ኮምፒውተር ላይ ተደፍተዋል። ሳፋሪ ሊሄዱ ነው፣ እንደ ፈረንጅ! አንበሳ፣ ተራራ፣ የዛንዚባር ባሕር። ማደሪያውን አሳዩኝ፤ ድንኳን ነው። ድንኳን ስላችሁ የለቅሶውን እንዳታስቡ። ይሄኛው ባኞ አለው፤ ባኞው ውስጥ ተጋድማችሁ ዝሆን ውሃ ሲጠጣ ታያላችሁ።

«ዝሆኑስ እኛን ያየናል?» አልኩ። ሳቁ።

«እማዬ፣ ተራራው ይቅደም ባሕሩ?» አለችኝ ሰናይት።

አያችሁ? ጠየቀችኝ!

«ተራራው ይቅደም። አቧራውን ባሕሩ ላይ እንታጠበዋለን» አልኩ። እንታጠበዋለን ስል ማንም አላረመኝም። «አንበሳውን ደግሞ ከሰዓት አድርጉት፣ ጠዋት ይርበዋል።» እሱንም ጻፉት። ልወጣ ስል ሰናይት «እማዬ፣ አስር ቀን ከቤትሽ ብትርቂ ይከብድሻል?» አለች። «ምን ይከብደኛል!» አልኳት፣ ሳትጨርስ።

ፓስፖርት ሳይጠይቁሽ እንዴት አመንሽ ትሉኝ ይሆናል። ወረቀቴን ሁሉ የምትይዝልኝ ሰናይት ናት፤ እየጨረሰችልኝ ነው አልኩ። ማመን የፈለገ ሰው ምን ፓስፖርት ያስፈልገዋል?

ታክሲ ውስጥ ጎኔ ለተቀመጠችው ሴትዮ ስነግራት ዝሆኑ አንድ ነበር። ፌርማታው ላይ ስወርድ ሁለት ሆነ፤ ሰፈር ስደርስ መንጋ። የመሄጃዬ ዋዜማ የእድር ሴቶች ዳቦ ቆሎ ይዘው ሊሸኙኝ መጡ። ጎረቤቴ ዘይነባ አዲስ ሻርፗን አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ፤ «የባሕር ንፋስ ጆሮሽን እንዳይመታሽ» እያለች። ዘይነባ ቅመም ነጋዴ ናት፤ በትንንሽ ላስቲክ በሰማያዊ ክር እየቋጠረች ለየሱቁ ታከፋፍላለች።

«አንቺ ብርቄ፣ ዛንዚባር እኮ የቅርንፉድ አገር ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ስሸጠው ከአገሩ የመጣ አሽትቼ አላውቅም። ትንሽ አምጪልኝ።»

በማግስቱ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ዓለም ባንክ ደረስኩ። ሰናይት በር ላይ ተቀበለችኝ፤ በአንድ እጇ ቁልፍ፣ በሌላው የውሻቸው የቦቢ ገመድ።

«እማዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አንቺ ባትኖሪ ቤቱን ለማን እንተወው ነበር? ቦቢ መቼ መቼ እንደሚበላ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌልሻለሁ።» ሻንጣዬን አየችው። «አስር ቀን እኮ ነው፤ ምነው ይሄን ሁሉ ልብስ?»

«ቦቢ አለባበስ ይወዳል ብዬ ነው» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። ልጄ እኔን የምታውቀኝ በቀልድ ነው፤ የማልቀልድበትን ጊዜ መለየት አልቻለችበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አላስተማርኳትም።

አስር ቀን መጋረጃ ዘግቼ ተቀመጥኩ። ቤቴ እዚያ ማዶ ነው፤ ግን እንዴት ብዬ ልሂድ? ዛንዚባር ነኛ! ዳቦ ቆሎውን ከቦቢ ጋር ጨረስነው። ሰናይት አንድ ጊዜ ደወለች።

«በላ?»

«በላ።»

«አንቺስ?» አላለችም። ፎቶ ግን ልካለች፤ አንበሳ ከሰዓት፣ ከዚያ ተራራ፣ ከዚያ ባሕር። ልክ እንዳቀድኩት።

ሲመለሱ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ አንበሳ ሰጡኝ። ወደ ቤቴ ስወጣ ከእነሱ ቤት ማዶ ካለው ሱቅ ቅርንፉድ ገዛሁ። መነጽሬን የቦቢን ወረቀት ሳነብበት እዚያው ረስቼው ነበር፤ የሰጡኝን ሳላየው ተቀብዬ ሻንጣዬ ውስጥ ወተፍኩ።

ሴቶቹ ተሰበሰቡ። አወራኋቸው፣ ያውም እንዴት! ዝሆኑ ኩምቢውን ባኞው ውስጥ ነክሮ ጀርባዬን አሸኝ። አንበሳው ሻርፔን አይቶ ዓይኑን ሰበረ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዘይነባ ብቻ አልሳቀችም። ያመጣሁላትን ቅርንፉድ መዳፏ ላይ አድርጋ ታያለች። እኔም ቀረብ ብዬ አየሁ። ሰማያዊ ክር!

ዘይነባ ክሩን ቀስ ብላ ፈታችው፣ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፣ ላስቲኩን አፍንጫዋ ድረስ አነሳች።

«የዛንዚባር ነው» አለች ጮክ ብላ። «ሽታው ሌላ ነው!»

ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ሻርፗን አጥፌ ብሰጣት መልሳ አንገቴ ላይ ጣለችው።

«ይቀመጥ። ሌላ ጊዜ ስትሄጂ ግን ንገሪኝ፣ እየመጣሁ አጫውትሻለሁ። ዓለም ባንክም ንፋስ አለው።»

ሰናይት ባለፈው ደወለች። «እማዬ፣ ቀጥሎ ፏፏቴው ይሻላል ወይስ በረሃው? አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ፏፏቴው» አልኳት። ስልኩን ዘጋሁና ሻርፑን አውጥቼ አጠብኩት።